ብርሃን ቁስን ሲቀይር፦ ቶፖሎጂካል ቁሶችን በሌዘር የመቆጣጠር ዝርዝር መመሪያ

ሌዘር አንድ ቁስ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚታሰበን ሙቀት ነው። ልክ ነው፣ ብርሃን ያሞቃል። ነገር ግን ብርሃን ምትም አለው። የኤሌክትሪክ መስኩ በየጥቂት ፌምቶሰከንዱ (የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) ይመላለሳል። ይህ ምት በጥንቃቄ ከተመረጠ ኤሌክትሮኖች የሚኖሩበትን የኃይል ባንድ (የተፈቀደላቸውን የኃይል እርከን) ራሱን ይቀይረዋል። በባንዶች መካከል ያልነበረ ክፍተት ይከፈታል። ማግኔት በሌለበት የሆል ጅረት፣ ማለትም ከተሰጠው ቮልቴጅ ወደ ጎን የሚሄድ ጅረት፣ ይፈሳል። ሌዘሩ ሲያልፍ ቁሱ ወደነበረበት ይመለሳል።

የዚህ ሙያ ጭንቀት ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፦ ያየነው ለውጥ የምቱ ነው ወይስ የሙቀቱ? ከታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት ይህን ለመመለስ ነው። የቁስ ምርጫውም፣ የብርሃኑ ቀለምም፣ የፐልሱ (የአጭሯ የብርሃን ብልጭታ) ርዝመትም በዚህ ጥያቄ ይወሰናሉ።

እንደ ምሳሌ የምንከተለው አንድ እውነተኛ ሙከራ ነው። በ2013 በኤም አይ ቲ የኑህ ገዲክ ቡድን ቢስመዝ ሴሌናይድ በሚባል ክሪስታል ገጽ ላይ የሠራው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ላቦራቶሪ የሌላችሁም አትራቁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ከመጀመራችን በፊት፦ ቶፖሎጂና ፍሎኬ

ሸክላ ሠሪ ጭቃው እርጥብ ሳለ ሲኒውን ሳህን፣ ሳህኑን ድስት ልታደርገው ትችላለች። መግፋትና መሳብ ይበቃታል። እጀታ ልታወጣለት ከፈለገች ግን ወይ መብሳት ወይ ማጣበቅ አለባት። የኤሌክትሮኖች ባንድም እንዲህ በቀላሉ የማይነቃነቅ መለያ አለው። መለያው ሙሉ ቁጥር ነው። ክሪስታሉ ትንሽ ቢቆሽሽ ወይም ትንሽ ቢጣመም ቁጥሩ አይለወጥም። እንዲለወጥ የኃይል ክፍተቱ ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት። ውስጡ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ገጹ ግን የሚያሳልፍ ቁስ የሚገኘው ከዚህ ነው። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ይባላል።

ደንከን ሃልዴን በ1988 አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ። እንደ ማር ወለላ በተደረደሩ አተሞች ላይ፣ ጠቅላላ ድምሩ ዜሮ በሆነ የማግኔት መስክ፣ የሆል ጅረት ሊኖር ይችላል። የሚያስፈልገው የጊዜ ሲሜትሪ መሰበሩ ነው። ማለትም ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድ ሥርዓቱ ያው እንዳይሆን ማድረግ። ሃልዴን በ2016 ከዴቪድ ታውለስና ከማይክል ኮስተርሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ብርሃን እዚህ ላይ ይገባል። ክብ ፖላራይዜሽን ያለው ብርሃን የኤሌክትሪክ መስኩ እየዞረ ይጓዛል፤ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ። ጊዜን ብትገለብጡት ዙሩም ይገለበጣል። ስለዚህ ሲሜትሪውን ያለ ማግኔት ይሰብረዋል። ታካሺ ኦካና ሂደኦ አኦኪ በ2009 ይህንኑ ለግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ላለው የካርቦን ንጣፍ) አሰሉት፤ ክብ ብርሃን ሲያርፍበት የግራፊን ባንዶች የሚነካኩበት ነጥብ ክፍተት እንደሚያወጣ ተነበዩ።

የሒሳቡ መሠረት ግን ከዚያ ሁሉ ይቀድማል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋስቶን ፍሎኬ በ1883 በጊዜ ውስጥ እየተደጋገሙ የሚሄዱ ቀመሮችን አጥንቶ ነበር። ክሪስታል በቦታ ይደጋገማል፤ ከዚያ ባንዶች ይወጣሉ። ብርሃን ሲጨመርበት በጊዜም ይደጋገማል። ያኔ እያንዳንዱ ባንድ ከላዩና ከታቹ ግልባጮች ይኖሩታል። በግልባጮቹ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኃይል ነው። ግልባጮቹ እርስ በርስ ሲቋረጡ ይገፋፋሉ፤ መቋረጫው ላይ ክፍተት ይከፈታል። የፍሎኬ ምሕንድስና የሚባለው ይህ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁሱን መምረጥ

ሦስት ነገር እንፈልጋለን። ባንዶቹ በአንድ ነጥብ የሚነካኩ ይሁኑ፤ ይህ የዲራክ ነጥብ ይባላል። ኤሌክትሮኖቹ ሳይጋጩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሂዱ። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ብርሃኑን አይዋጥ።

ቢስመዝ ሴሌናይድ ሦስቱንም በመጠኑ ያሟላል። ውስጡ 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነ ክፍተት አለው። ገጹ ላይ አንድ ብቻ የዲራክ ኮን አለ፤ ያውም በሞመንተም መሐል፣ ሞመንተም ዜሮ በሆነበት ላይ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። በግራፊን የዲራክ ነጥቦቹ ያሉት ከመሐል ርቀው ነው። ባንዱን የምናየው በፎቶኢሚሽን ነው፤ ብርሃን ኤሌክትሮኖችን ከቁሱ ያስወጣል፣ እኛ እንለካቸዋለን። በግራፊን እዚያ ለመድረስ ከ16 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ የመለኪያ ፎቶን ያስፈልጋል። ለቢስመዝ ሴሌናይድ ግን 6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል፤ ይህን ደግሞ ከተራ የላቦራቶሪ ሌዘር ማውጣት ይቻላል። ትንበያው የተሰጠው ለግራፊን ሆኖ ሳለ የፍሎኬ ባንዶች መጀመሪያ በቢስመዝ ሴሌናይድ ላይ የታዩት፣ የግራፊኖቹ ደግሞ በ2025 በቀጥታ ታይተው የታተሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ችግር አለው። በተፈጥሮው የሴሌኒየም አተሞች ይጎድሉታል፤ በዚህ ምክንያት ትርፍ ኤሌክትሮኖች ይኖሩታል። ለፎቶኢሚሽን ልኬት ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ እንዲያውም የዲራክ ነጥቡ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሚሆን ይታያል። ለጅረት ልኬት ግን ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ ወይም ከማሳደጋችሁ በፊት የምትለኩት ምን እንደሆነ ወስኑ።

ደረጃ 2፦ የብርሃኑን ቀለም በስሌት መወሰን

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለውን ሌዘር ይዞ ይጀምራል። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 800 ናኖሜትር የሚያወጣ የቲታኒየም ሳፋየር ሌዘር ነው። እስኪ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ እንይ።

የምንሠራው በሁለት መጠኖች ነው። አንደኛው የፎቶኑ ኃይል ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን የሚይዝበት ጥንካሬ ነው፤ "ትስስር" እንበለው። ትስስሩን ለማግኘት የኤሌክትሮኑን ፍጥነት በኤሌክትሪክ መስኩ እናባዛለን፤ ውጤቱን ለማዕዘናዊ ድግግሞሹ እናካፍላለን። መልሱ በቀጥታ በኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል።

ለክብ ብርሃን የዲራክ ነጥቡ ላይ የሚከፈተው ክፍተት የሚሰላው እንዲህ ነው። የፎቶኑን ኃይል ስኩዌር አድርጉ። የትስስሩን ስኩዌር በ4 አባዝታችሁ ጨምሩበት። የድምሩን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። ከዚያ ላይ የፎቶኑን ኃይል ቀንሱ።

አሁን ቁጥር እናስገባ። በቢስመዝ ሴሌናይድ ገጽ ላይ የኤሌክትሮኑ ፍጥነት በሰከንድ 5 × 10⁵ ሜትር ገደማ ነው። ቁሱ ውስጥ የደረሰው መስክ በሜትር 2 × 10⁷ ቮልት ይሁን። የኤም አይ ቲው ቡድን የተጠቀመው ፎቶን 0.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ማዕዘናዊ ድግግሞሹ በሰከንድ 1.82 × 10¹⁴ ይሆናል። ትስስሩ 0.055 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ክፍተቱ 0.043 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም 43 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። ቡድኑ የለካው 53 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነበር። በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ይህን ያህል መቅረቡ ደስ ይላል።

በዚያው መስክ 800 ናኖሜትሩን እንሞክር። ፎቶኑ 1.55 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ትስስሩ ወደ 0.004 ይወርዳል። ክፍተቱ 0.02 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይሆናል። ሁለት ሺህ ጊዜ ገደማ አነሰ ማለት ነው። ማንም መሣሪያ አያየውም። በዚያ ላይ 1.55 ኤሌክትሮን ቮልት ከቁሱ ክፍተት በአምስት እጥፍ ስለሚበልጥ ውስጠኛው ክፍል ፎቶኖቹን ይውጣቸዋል፤ ቁሱ ይግላል። ምቱ ጠፋ፣ ሙቀቱ ቀረ። በተቃራኒው የ0.12 ኤሌክትሮን ቮልቱ ፎቶን ከ0.3 ስለሚያንስ ውስጡን አልፎ ሊያነሳው አይችልም። ገጹ ግን አሁንም መጠነኛ ብርሃን ይውጣል፤ ይህን መርሳት የለብንም።

እንግዲያው ዝም ብለን ድግግሞሹን እናውርደዋ? አይሆንም። በ1 ቴራኸርዝ አንድ ዙር 1 ፒኮሰከንድ ይፈጃል። ኤሌክትሮኑ ዙሩን ሳይጨርስ ከአተሞች ንዝረት ወይም ከሌላ ኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል። ምቱን ያልጨረሰ ኤሌክትሮን የፍሎኬ ባንድ አይሠራም። በ0.12 ኤሌክትሮን ቮልት ግን አንድ ዙር 34 ፌምቶሰከንድ ብቻ ነው። መካከለኛው ኢንፍራሬድ የተመረጠው ለዚህ ነው፦ ክፍተቱ እንዲታይ ዝቅ ያለ፣ ግጭቱን እንዲቀድም ፈጣን።

ደረጃ 3፦ ላፕቶፕ ላይ መሥራት

ይህን ደረጃ ማንም የፊዚክስ ተማሪ በፓይተን ሊሠራው ይችላል። ከአዲስ አበባም ይሁን ከጎንደር፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

የዲራክ ኮኑን ባለ 2 በ2 ማትሪክስ ጻፉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግልባጭ አንድ እንዲህ ያለ ማትሪክስ በሰያፍ ደርድሩ። ከሁለት ግልባጭ በታች እስከ ሁለት ግልባጭ በላይ ከወሰዳችሁ ጠቅላላው 10 በ10 ይሆናል። በየግልባጩ ላይ የፎቶኑን ኃይል ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ጎን ለጎን ያሉትን ግልባጮች በትስስሩ አገናኙ። ለክብ ብርሃን መገናኛው ስፒንን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚገለብጠው ማትሪክስ ነው። ከዚያ "ነምፓይ" በተባለው የፓይተን የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት አይገን እሴቶቹን አውጡና በሞመንተም ላይ ሣሉ።

ፕሮግራሙ ልክ መሆኑን የምታረጋግጡት በዲራክ ነጥቡ ላይ ነው። እዚያ ላይ 43 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ካልወጣ ስህተት አለ። ከዚያ ግልባጮቹን ከአምስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ዘጠኝ አሳድጉ። ውጤቱ መነቃነቁን ካላቆመ ገና አልበቃችሁም።

የቶፖሎጂውን ቁጥር ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከኮኑ ወጥቶ ሙሉውን የማር ወለላ ላቲስ መውሰድ አለበት። የሞመንተሙን ቦታ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሉ። በእያንዳንዱ ዙሪያ የሞገድ ፈንክሽኑን የፌዝ ለውጥ ደምሩ። ጠቅላላ ድምሩን ለ2 ፓይ አካፍሉ። ፉኩይ፣ ሃትሱጋይና ሱዙኪ በ2005 ያወጡት ዘዴ ነው። ጥቅሙ ፍርግርጉ ሻካራ ቢሆንም ሙሉ ቁጥር መስጠቱ ነው።

እዚህ ደርሳችሁ መስኩን በቁም ነገር ልትይዙት ካሰባችሁ፣ ጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል በኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ አለው። ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው፤ ወጪውንም ይሸፍናል። ኢትዮጵያውያን ሲማሩበት ቆይተዋል። ይህን የመሰለ ስሌት ሠርቶ ማመልከት ጥሩ መነሻ ይመስለኛል።

ደረጃ 4፦ የፐልሱን ርዝመት መወሰን

ተፈጥሮ እዚህ ላይ ድርድር አታውቅም። አጭር ፐልስ ጊዜን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ኃይልን ግን ያደበዝዛል። ለጋውስ ቅርጽ ፐልስ የሁለቱ ስፋቶች ብዜት ከ1.82 ኤሌክትሮን ቮልት ፌምቶሰከንድ በታች አይወርድም። የ30 ፌምቶሰከንድ ፐልስ ኃይልን በ61 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያደበዝዛል። የምንፈልገው ክፍተት 43 ነው፤ ስለዚህ ይሰወርብናል። የ250 ፌምቶሰከንድ ፐልስ ግን የሚያደበዝዘው በ7 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። በውስጡም ሰባት ያህል ሙሉ ዙር ይይዛል። ስለ ግልባጭ ለማውራት ምቱ በቂ ጊዜ መደጋገም ስላለበት ይህም ያስፈልጋል።

ከዚያ በላይ ማስረዘም ደግሞ ትርፍ የለውም። ተመሳሳዩን መስክ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ብዙ ጉልበት ቁሱ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ለዚህ ሙከራ ከ200 እስከ 300 ፌምቶሰከንድ ባለው ውስጥ ብትቆዩ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ሌዘሩንና ናሙናውን ማዘጋጀት

ከአንድ ሌዘር ሁለት ጨረር ይወጣል። አንዱ ገፊ ነው፤ ቁሱን ይቀይራል። ሌላው መርማሪ ነው፤ የሆነውን ያያል። ገፊውን ለማግኘት የሌዘሩን ብርሃን በፓራሜትሪክ አምፕሊፋየር ሁለት ቀለም ታደርጉታላችሁ። ሁለቱን ጋሊየም ሴሌናይድ በመሰለ ክሪስታል ውስጥ ስታገናኟቸው የድግግሞሻቸው ልዩነት እንደ መካከለኛ ኢንፍራሬድ ይወጣል። መርማሪውን ለማግኘት ደግሞ ድግግሞሹን አራት እጥፍ አድርጉት፤ ከ800 ናኖሜትር ተነስታችሁ 6.2 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ትደርሳላችሁ።

ፖላራይዜሽኑን ክብ የሚያደርገው ኳርተር ዌቭ ፕሌት ነው፤ ወደ 45 ዲግሪ ሲዞር። ለምትጠቀሙበት የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ለ800 ናኖሜትር የተሠራው ለ10 ማይክሮሜትር አይሆንም። ክብነቱን የምትለኩትም ጨረሩ ወደ ቫኪዩም ክፍሉ በሚገባበት በመጨረሻው ቦታ ይሁን። በመንገድ ላይ ያሉ መስታወቶች ክቡን ብርሃን ወደ ሞላላ ይቀይሩታል።

ለጥንካሬው ይህን አስቡ። ቁሱ ውስጥ 2 × 10⁷ ይድረስ ብለናል። የቁሱ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 5 ቢሆን በቀጥታ የሚገባው መስክ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ ውጭ 6 × 10⁷ ያስፈልጋል። በ250 ፌምቶሰከንድ ሲሰላ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ሩብ ሚሊጁል ገደማ ነው። ጨረሩ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትሩ 300 ማይክሮሜትር ከሆነ ለአንድ ፐልስ 0.2 ማይክሮጁል ያህል ይበቃል። የመርማሪው ጨረር ከገፊው በጣም ጠባብ ይሁን። ካልሆነ ጠንካራ መስክ የደረሰበትንና ደካማ መስክ የደረሰበትን ቦታ አንድ ላይ እየለካችሁ ክፍተቱ ይደበዝዝባችኋል።

ናሙናው ላይ ትንሽ ዘንግ በሙጫ ይለጠፋል። ቫኪዩሙ ወደ 10⁻¹¹ ቶር ደረጃ ሲወርድ ዘንጉ ተመትቶ ይነሳል፤ የላይኛው ንጣፍ አብሮት ይላቀቃል። አዲስ ያልተነካ ገጽ ይወጣል። ገጹ ከሰዓት ሰዓት እያረጀ ስለሚሄድ ዋናውን ልኬት መጀመሪያ ሥሩ።

ስለ ዓይናችሁ አንድ ቃል። የ10 ማይክሮሜትር ብርሃን አይታይም። 6.2 ኤሌክትሮን ቮልቱም አይታይም። ለእያንዳንዱ ቀለም የተሠራ መከላከያ መነጽር አለ፤ አንዱ ለሌላው አይተካም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጨረሩን በባዶ ዓይን አትፈልጉት። በዚህ ላይ ቸል የሚል ሰው ጋር አትሥሩ።

ደረጃ 6፦ ዜሮ ጊዜን ማግኘት

ሁለቱ ፐልሶች እኩል የሚደርሱበት ቅጽበት ዜሮ ጊዜ ነው። አንዱን ጨረር በሚንቀሳቀስ መስታወት ላይ አሳልፉ። መስታወቱ 0.15 ሚሊሜትር ሲገፋ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 0.3 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ይህም 1 ፒኮሰከንድ ነው። መጀመሪያ በሰፊ እርምጃ ፈልጉ። የጋሉት ኤሌክትሮኖች ድንገት ብቅ የሚሉበትን ቦታ ስታገኙ በጠባብ እርምጃ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ሙቀቱን ከምቱ መለየት

ሁሉም ነገር የሚፈተነው እዚህ ነው። ስክሪናችሁ ላይ የዲራክ ኮኑ ግልባጮች ታዩ እንበል። ርቀታቸው በትክክል 0.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ደስ ይላል፤ ግን አትጻፉት ገና።

የመጀመሪያው ፈተና ጊዜ ነው። የፍሎኬ ባንድ የሚኖረው ገፊው ፐልስ እስካለ ብቻ ነው። መስታወቱን አንቀሳቅሱና የግልባጮቹን ጥንካሬ በጊዜ ላይ ሣሉ። መልኩ የሁለቱን ፐልሶች መደራረብ መከተል አለበት፤ በፐልሱ መጥቶ በፐልሱ መሄድ። የጋሉ ኤሌክትሮኖች ግን ለብዙ ፒኮሰከንድ ይቆያሉ። ፐልሱ ካለፈ በኋላም የሚታይ "ክፍተት" ካላችሁ ሌላ ምክንያት ፈልጉለት።

ሁለተኛው ፈተና ፖላራይዜሽን ነው፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ገፊውን ከክብ ወደ ቀጥተኛ ቀይሩ። የሚደርሰው ጉልበት ያው ነው፤ ስለዚህ የሙቀቱ መጠን ብዙ አይቀየርም። የምቱ ቅርጽ ግን ተቀየረ። ቀጥተኛ ብርሃን የጊዜ ሲሜትሪን ስለማይሰብር የዲራክ ነጥቡ ተዘግቶ መቅረት አለበት። ግልባጮቹ በሚቋረጡበት ቦታ ደግሞ ክፍተቱ የሚከፈተው ሞመንተሙ ለመስኩ ቀጥ ብሎ በተሻገረበት አቅጣጫ ነው። ሞመንተሙ ከመስኩ ጋር በሚሄድበት አቅጣጫ አይከፈትም። ኤም አይ ቲዎች ያዩት ይህንኑ ነው። ሙቀት እንዲህ አቅጣጫ አይመርጥም።

ሦስተኛው ፈተና አንድ አታላይ ነገርን ይመለከታል። ግልባጭ ያለ ፍሎኬም ሊመጣ ይችላል። ኤሌክትሮኑ ከቁሱ ከወጣ በኋላ ገና በገፊው ጨረር ውስጥ ነው። ነጻ ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ይይዘውና ፎቶን ይሰጠዋል ወይም ይቀበለዋል። ይህ የቮልኮቭ ሁኔታ ይባላል። ርቀቱም ያው 0.12 ነው! የሚለየው ምንጩ ነው፤ የቮልኮቭ ግልባጭ በዋናነት የሚመጣው ለገጹ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው የመስኩ ክፍል ነው። ስለዚህ መስኩ ከገጹ ጋር ትይዩ የሚሆንበትን ቀጥተኛ ፖላራይዜሽን ምረጡ፤ የቮልኮቭ ድርሻ እጅግ ይቀንሳል። ክብ ብርሃን ሰያፍ ሲገባ ግን ሁልጊዜ የተወሰነ ድርሻ አለ። በ2016 ያው የገዲክ ቡድን ሁለቱ እንዴት እንደሚጋጩና እንዴት እንደሚለዩ አሳትሟል። ግልባጭ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ክፍተቱ ነው፤ ነጻ ኤሌክትሮን ክፍተት አያወጣምና።

አራተኛው ፈተና በጥንካሬ መለዋወጥ ነው። መስኩ ደካማ ሲሆን የዲራክ ነጥቡ ክፍተት ከመስኩ ስኩዌር ጋር፣ ማለትም ከፐልሱ ጉልበት ጋር እኩል ያድጋል። የግልባጮቹ መቋረጫ ክፍተት ግን የሚያድገው ከመስኩ ጋር ነው፤ ከጉልበቱ ስኩዌር ሩት ጋር። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉ። በስሌታችን መስኩ በግማሽ ሲቀንስ የዲራክ ክፍተቱ ከ43 ወደ 12 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል። ልኬታችሁ ይህን መንገድ ካልተከተለ ቆም በሉ።

የመጨረሻው ቀላል ነው። የአንዱን ፐልስ ጉልበት ሳትነኩ በሰከንድ የሚመጡትን ፐልሶች በግማሽ ቀንሱ። ውጤቱ ከተቀየረ ቁሱ በፐልሶች መካከል እየቀዘቀዘ አልነበረም።

ደረጃ 8፦ ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት መሻገር

ፎቶኢሚሽን ክፍተቱን ያሳያል። ክፍተቱ የትኛው ቶፖሎጂ እንደሆነ ግን አይነግርም። የቀኝ ዞሪና የግራ ዞሪ ብርሃን የሚከፍቱት ክፍተት በመጠን እኩል ነው፤ የሚለዩት በምልክት ነው። ምልክቱን የሚያሳየው የሆል ጅረት ነው።

በ2020 ሃምቡርግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የቁስ መዋቅርና ዳይናሚክስ ተቋም ጄምስ ማካይቨር ከአንድሪያ ካቫሌሪ ቡድን ጋር ይህን በግራፊን ላይ ሠራ። ገፊው 6.5 ማይክሮሜትር ነበር። ተራ ቮልቲሜትር እዚህ አይረዳም፤ ሁኔታው ከአንድ ፒኮሰከንድ በታች ነው የሚቆየው። መፍትሔያቸው በዚያው ቺፕ ላይ በሌላ ሌዘር የሚከፈትና የሚዘጋ የሲሊኮን ማብሪያ መሥራት ነበር። ማብሪያው የጅረቱን ቅጽበት ቆርጦ ያወጣል። ብርሃኑ ከቀኝ ዞሪ ወደ ግራ ዞሪ ሲቀየር ጅረቱም አቅጣጫውን ቀየረ።

ይህን የሚደግም ሰው ዋናውን ልኬት በልዩነት ይሥራው፦ የቀኝ ዞሪው ጅረት ሲቀነስ የግራ ዞሪው። ሙቀትና ያልተመጣጠኑ ሽቦዎች የሚያመጡት ምልክት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሰረዛል። ከዚህ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀረው ሁሉ የቶፖሎጂ ነው ማለት አይደለም። ብርሃኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይኛው ባንድ ሲያወጣ በሁለት ወገን እኩል አያወጣቸውም፤ ይህ አለመመጣጠን ራሱ የሆል ጅረት ይሰጣል። በሃምቡርጉ ሙከራ ላይ የተሠሩ ስሌቶች ይህ ድርሻ ትልቅ መሆኑን አሳይተዋል። የኤሌክትሮኖቹን ብዛት በጌት ቮልቴጅ (ቁሱን በማይነካ ኤሌክትሮድ በሚሰጥ ቮልቴጅ) እየለዋወጡ መለካት ድርሻዎቹን ለመለየት ይረዳል።

ምት ሳይሆን ንዝረት፦ አተሞቹን ራሳቸውን ማንቀሳቀስ

የፍሎኬ መንገድ የሚሠራው ሌዘሩ እስካለ ነው። ለውጡ ከፐልሱ በኋላም እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ሌላ በር አለ፤ ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ሳይሆን ክሪስታሉን ይግፋ።

ታንግስተን ዳይቴሉራይድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዋይል ሴሚሜታል ነው፤ ማለትም ባንዶቹ በተነጠሉ ነጥቦች የሚነካኩበት ቁስ። የዋይል ነጥቦቹ ያሉት ክሪስታሉ የመሐል ሲሜትሪ ስለሌለው፣ ማለትም በመሐል ነጥቡ ሲገለበጥ ያው ስለማይሆን ነው። ንጣፎቹ በደካማ ኃይል ስለተያያዙ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይችላል። በ2019 የታተመ የስታንፎርድና የስላክ (በካሊፎርኒያ ያለ የአሜሪካ ብሔራዊ የአክስለሬተር ላቦራቶሪ) ሥራ የቴራኸርዝ ፐልስ ንጣፎቹን በ0.24 ቴራኸርዝ እንዲንሸራተቱ እንዳደረገ አሳየ። አንዱ ውዝዋዜ 4 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው። በበቂ ጥንካሬ ሲገፋ ክሪስታሉ የመሐል ሲሜትሪ ወዳለው ቅርጽ ይሄዳል፤ ያኔ የዋይል ነጥቦቹ የሚኖሩበት ምክንያት ይጠፋል። ዚርኮኒየም ፔንታቴሉራይድ ላይም በአይዋ የሚገኘው የኤምስ ላቦራቶሪ በ1.2 ቴራኸርዝ ንዝረት የሚመሳሰል ሥራ ሠርቷል።

በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ መርማሪያችሁ ይቀየራል። ፎቶኢሚሽን ባንዱን እንጂ የአተሞቹን ቦታ አያሳያችሁም። ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን ያዙ። አንደኛው የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ነው፤ አተሞቹ ስንት ፒኮሜትር እንደተንቀሳቀሱ ይነግራል። ሁለተኛው የብርሃን ሁለተኛ ሃርሞኒክ (ድግግሞሹ እጥፍ ሆኖ የሚወጣ ብርሃን) ነው፤ የመሐል ሲሜትሪ ሲመለስ ከቁሱ ውስጥ የሚመጣው ምልክት ይደክማል። የሁለተኛው ሃርሞኒክ መድከም ብቻውን በሙቀትም ሊመጣ ይችላል። በዲፍራክሽኑ ላይ ከ0.24 ቴራኸርዝ ውዝዋዜ ጋር አብሮ ከታየ ግን ንጣፎቹ በእርግጥ ተንሸራተዋል።